የጉሮሮ ሳምንት

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። የሰው ጉሮሮ እንዴት እንደተሠራ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። የድምፅ ሳጥኑ የት ጋ እንዳለ፣ ከመንጋጋ ሥር በግራና በቀኝ የተደረደሩት እጢዎች መቼ እንደሚያብጡና ለምን እንደሚያብጡ ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። መናገር በነበረብኝ በአንዱ ቀን ግን አፌን ለጉሜ ቁጭ አልኩ።

የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ተማሪዎች “ቲቸር አካላት” ይሏት ነበር። እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከደረጃው በስተግራ ያለው ክፍል የእሷ ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ብርድም ይሁን ሙቀት አንገቷ ላይ ስካርፍ የምትጠመጥም ሴት ነበረች። ድምፅዋ ግን ከቁመቷ ጋር አይገናኝም። የሰልፍ ማይክሮፎን የተበላሸ ዕለት ርዕሰ መምህሩ የሚያስጠሩት እሷን ነው። ያረፈደ ልጅ በግቢው በር ሾልኮ ሊገባ ሲል ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ሆና ስሙን ትጠራለች፤ ልጁ አንድ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ይቀራል።

ስሙ የወጣላት ከዓርብ ትምህርቷ የተነሣ ነው። ዓርብ ዓርብ መጽሐፍ ታስዘጋና ከሰው አካል አንዱን ክፍል መርጣ፣ እንግሊዞች በዚያ ክፍል የሚናገሩትን ፈሊጥ ታስተምራለች። ትምህርት ሲከፈት ከራስ ፀጉር ትጀምራለች፤ ዓመቱ ሲዘጋ እግር ጥፍር ላይ ትደርሳለች። የዓይን ሳምንት አለ፣ የጆሮ ሳምንት አለ፣ የምላስ ሳምንት አለ። እንግሊዞች ሲፈሩ እግራቸው እንደሚቀዘቅዝ፣ ሲጨነቁ ሆዳቸው ውስጥ ቢራቢሮ እንደሚበር፣ ሰው ሲያሾፍባቸው “እግሬን አትጎትት” እንደሚሉ የከተማው ልጅ ግማሹ ከእሷ ነው የሰማው። የእጅ ሳምንት ሲደርስ አንዱን ልጅ ታስነሣና “እንግሊዝ እጅ ስጠኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?” ትለዋለች። ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል። “ሞኝ! አግዘኝ ነው የሚልህ፣ ማን ማረከህ?” ስትለው ሳቁ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። በየዓመቱ ያንኑ ቀልድ ትናገራለች፤ በየዓመቱ ይስቁላታል።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው የሰው አካል ሥዕል አንድ ብቻ ነበር። ጀርባው በሸራ የተለበደ፣ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ቆዳው የተገፈፈ ሰውዬ ከነሳንባው ከነጉበቱ የቆመበት። ከንብረት ክፍል ቀድሞ የፈረመ ይወስደዋል። አንድ ዓርብ ስለ ሳንባ ላስተምር ስሄድ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ “እንግሊዝኛ ወስዳዋለች” አለኝ። እንግሊዝኛ ደግሞ ጉበት ምን ይሠራላታል ብዬ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ሰውዬዬ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። እሷ በማስመሪያ ጥርሱን መታ ታደርጋለች፤ አርባ ልጅ ባንድ አፍ ይጮኻል። አንድ ሰው ከአደጋ ለጥቂት ሲተርፍ እንግሊዞች “በጥርሱ ቆዳ አመለጠ” ይላሉ እያለች ነበር።

“ጥርስ ቆዳ የለውም” አልኩ በሩ ላይ እንደቆምኩ።

ዘወር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“አንተ ደግሞ ማነህ?”

“ባዮሎጂ ነኝ።”

“እሺ ባዮሎጂ፣ አንጀትህ ሲቃጠል ጭሱ በየት በኩል ይወጣል?”

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሥዕሉን ሳልወስድ ወረድኩ፤ ለሁለት ቀን አኮረፍኩ። ሰኞ በሻይ ሰዓት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። “ኩርፊያው እስከ መቼ ነው? ሥዕሉን ጠዋት ጠዋት አንተ ውሰደው፣ ከሰዓት በኋላ እኔ እወስደዋለሁ፤ ተሸክመህ ታመጣልኛለህ” አለች። እንዳለችውም ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቆዳ አልባ ሰውዬ ጠቅልዬ በትከሻዬ ደረጃውን ወጥቼበታለሁ፤ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ከላይ ትሰቅለዋለች፣ እኔ ከታች እይዝላታለሁ። ባለቤቴ “ያቺ ሰውዬህን የምትቀማህ ደህና ናት?” ትለኝ ነበር።

ደብተርም ነበራት። መካከሉን በቀይ አስምራ በአንድ ወገን እንግሊዝኛውን ትጽፋለች፣ በሌላው ወገን የእኛን። አንድ ቀን አሳትማ ለተማሪ የማከፋፈል ሐሳብ ነበራት። ሻይ እየጠጣን ድንገት ቀና ብላ ትጠይቀኛለች።

“እንግሊዞች ሲያዝኑ ልባቸው ይሰበራል። እኛስ?”

“ሆዳችን ይባባል። አንጀታችን ይላወሳል።”

“ለምን ልብ አልሆነም?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? የእነሱ ሐዘን ከድያፍራም በላይ ነው፣ የእኛ ከድያፍራም በታች።”

ሻዩ እስኪደፋ ሳቀችና ይህንንም ጻፈችው። ባል አላገባችም፤ የምትኖረው ቤት ውስጥ ልብስ ከሚሰፉ ታላቅ እህቷ ጋር ነበር። “ሁሉም ሰው እትዬ ይላቸዋል፣ አንተም እትዬ በላቸው” አለችኝና እትዬ አልኳቸው።

በመጨረሻው ዓመቷ የጉሮሮ ሳምንት ሲደርስ ድምፅዋ ከሻከረ ወር አልፎት ነበር። ያን ዓርብ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ እንግሊዝ ድምፁ ሲሻክር “ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁራሪት ገባች” ይላል ብላ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ ነገረቻቸው። ልጆቹ የምትተውን መስሏቸው አጨበጨቡላት። እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ሰኞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጨዋታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላላክክ አልችልም። “እንቁራሪቷ እንዴት አደረች?” አልኳት። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ይኸው ሆነ። የሒሳብ መምህሩ “ዛሬስ ኩሬው ሞላ?” ይላታል። የታሪክ መምህርቷ ጉሮሮዋን ይዛ “ኳ” ትላለች። እሷም በሻካራ ድምፅዋ ትመልስላቸዋለች፣ ከሁላችንም በላይ ትስቃለች።

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን አንድ ሰው ሁለት ወር ድምፁ ሲዘጋ “ምን ሆነህ ነው?” ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ድምፁ ያልሻከረ መምህር እንደ ሰነፍ ይታያል። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ እየጮኽን፣ የጠመኔ አቧራ እየዋጥን፣ ማር በሞቀ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ የጉሮሮ ከረሜላ ስንቀባበል የኖርን ነን። መሳቢያዬ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ። አንድ እፍኝ አውጥቼ ሰጠኋት። ሕክምናዬ ይኸው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የትከሻ ሳምንት ላይ፣ እንደ ወትሮው ወንበር ላይ ወጥታ ሥዕሉን ስትሰቅል ስካርፉ ተፈትቶ ወደቀ። እኔ ከታች ሥዕሉን ይዤ ቀና ብዬ ነበር። ከመንጋጋዋ በታች በስተግራ አንድ እብጠት አየሁ። ባቄላ የሚያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። የት ላይ እንዳለ አወቅሁ፤ ምን ሊሆን እንደሚችልም አወቅሁ። የሰውዬው ሥዕል ላይ ያ ቦታ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በየዓመቱ ጣቴን አስቀምጬበት “ይህ ያለ ሕመም ካበጠ፣ ድምፅም አብሮ ከሻከረ፣ ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው” ብዬ አስተምሬበታለሁ። እሷ ከወንበሩ ወርዳ ስካርፉን አነሣችና መልሳ ጠመጠመችው።

“ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?” አለችኝ።

“ምንም” አልኩ።

ለምን ምንም እንዳልኩ ልናገር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሒሳብ መምህሩን ጀርባ በመምህራን ስፖርት ቀን አይቼ አንድ ጥቁር ነጥብ አላማረችኝም ነበር። “ይቺን ነገር ዛሬውኑ ለሐኪም አሳያት” አልኩት። ሰውዬው ቀለሙ ጠፋ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣ፣ ሚስቱ አለቀሰች፣ በስተመጨረሻ ተቆርጦ ሲመረመር ተራ ነጥብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ “ዶክተር” አሉኝ። “ዶክተር፣ ይህ ብጉር ስንት ቀን ዕድሜ ሰጠኝ?” “ዶክተር ሲመጣ ሸሚዝህን ቆልፍ!” ሳቁ አንድ ዓመት አልበረደም። የሒሳብ መምህሩም እስካሁን ጥርሱን እንደነከሰብኝ አለ።

እንግዲህ ያንን ሳቅ ፈርቼ ነው። ጉንፋን ይሆናል፣ የጥርስ ሕመም ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካልጠፋ እነግራታለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስካርፉ አልተፈታም። እኔም ፍቺልኝ አላልኳትም። ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንዱን ጊዜ ሻይ ስንጠጣ “አንገትሽን…” ብዬ ጀመርኩ።

“አንገቴን ምን?”

“አንገትሽን ብርድ እንዳይመታሽ።”

“እሺ አባቴ” ብላ ሳቀችብኝ።

ድምፅዋ ጨርሶ የሄደው የጀርባ ሳምንት ላይ ነው። ልጆቹ እንደነገሩኝ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተናገረች መሐል ላይ አፏ ብቻ ሲንቀሳቀስ አዩ። ከዚያ ሳል ያዛት፤ መሐረቧን ከአፏ ስታነሣ ደም ነበረበት። አለቃቸው ሮጦ እኔ ክፍል መጣ።

ሆስፒታል የወሰድናት እትዬና እኔ ነን። ከምርመራው በኋላ ወጣቷ ሐኪም ሁለታችንን ወደ ኮሪደሩ ጠራችን። ግድግዳው ላይ “ጸጥታ ይጠበቅ” የሚል ተለጥፏል። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። የድምፅ ሳጥኑ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከእንግዲህ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ በድምፅዋ መናገር አትችልም።

“ሌላ መላ የለውም ልጄ?” አሉ እትዬ።

“ከሦስት ወር በፊት መጥተው ቢሆን በጨረር ብቻ እንሞክረው ነበር። ድምፃቸውም የመትረፍ ዕድል ነበረው።”

እትዬ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ወለሉን አየሁ። ስካርፉ የወደቀበት ዓርብ ሦስት ወር ከአንድ ሳምንት ሆኖታል። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እትዬ ለእህታቸው ያዘንኩ መስሏቸው ጀርባዬን ዳበሱኝ።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ለስምንት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረች። እትዬ በስፌት መኪናቸው አንገት የሚሸፍን ስስ ነጭ ጥጥ አንገትጌ ሰፉላት፤ አሥራ ሁለት ሰፍተው በየቀኑ አንድ እያጠቡ አንድ ያስሩላታል። በመዳፍ ልክ የሆነች ነጭ ሰሌዳ ከነማርከሯ በጥብጣብ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። በፍጥነት ትጽፋለች፤ ፊደሏ እንደ ንግግሯ ነው፣ አይንቀራፈፍም። ርዕሰ መምህሩ መጥተው “ቤተ መጻሕፍት እናዛውርሻለን፣ እረፊ” ሲሏት ሰሌዳዋ ላይ “እግር ጣት ይቀረኛል” ብላ ጻፈችላቸው። እሳቸውም እንቢ ለማለት አንጀታቸው አልቻለም።

ስለዚህ በዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ሥዕሉን ተሸክሜ ወጣሁ። ያን ዕለት ወንበር ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ከታች ያዘችልኝ። ልጆቹ ሲያይዋት ተነሥተው አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። እሷ በማስመሪያዋ ጠረጴዛውን መታች፤ ዝም አሉ። እግሩን ነካች፣ ተናገሩ። ተረከዙን ነካች፣ ተናገሩ። ለጥቂት ደቂቃ ነገሩ የሚሆን መስሎኝ ነበር። አለች እኮ፣ ድምፅ ባይኖራትስ ምን ቸገራት፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለች ልጅ አንዱን ፈሊጥ አበላሽታ ጮክ ብላ ተናገረች። እግር ማለት ሲገባት ጉልበት አለች። ሌሎቹም ተከትለው አበላሹት። ድሮ ቢሆን ቃሉ ከልጅቷ አፍ ሳይወጣ ቲቸር አካላት ቀልባው ነበር። አሁን ሰሌዳዋን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። እሷ ጽፋ ሳትጨርስ አርባ ልጅ ስሕተቱን ባንድ አፍ እየደጋገመ ነው። ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ መታች። ጮክ በሉ ያለቻቸው መሰላቸው፤ ጮክ ብለው ደገሙት። እንደገና መታች። ይበልጥ ጮኹ። ፊታቸው ፈክቶ፣ ደስ ሊያሰኟት ብለው፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ያንን የተበላሸ ነገር ይጮኹላታል።

ማስመሪያውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ገልብጣ ይዛ ልጆቹን አየቻቸው። ከዚያ በምልክት በቃ አለቻቸውና ወጣች።

ሥዕሉን በጥድፊያ ጠቅልዬ ተከተልኳት። ደረጃው መሐል ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ላጽናናት ነበር የመጣሁት፣ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ቆየችና በሌላው እጇ ጽፋ ሰሌዳዋን ወደ እኔ አዞረችው።

“ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። አታልቅስ።”

ያንን አንብቤ ዝም ብል ኖሮ ጓደኛዬ እንደሆነች ትሞት ነበር። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ለዝምታ እንደሆነ ልምድ አለኝ። ግን ያንን ማጽናኛ ከእጇ መቀበል ሌብነት ሆነብኝ።

“እኔ አውቅ ነበር” አልኳት።

ግንባሯን ቋጠረች።

“የትከሻ ሳምንት ላይ፣ ስካርፉ ሲወድቅ አየሁት። ምን እንደሆነም ጠርጥሬ ነበር። እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። ሐኪሟ ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ድምፅሽ ይተርፍ ነበር ብላለች። ያን ጊዜ ነግሬሽ ቢሆን…”

እጇን ከክንዴ ላይ አነሣች። ከዚያ ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአንገትጌዋ ጫፍ ጠረገች፤ አንዲት ፊደል እንዳትቀር አድርጋ ነው የጠረገችው። ማርከሩን ከደነች። መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ደረጃውን ወረደች። ተከትዬ አልወረድኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ራሷ ናት። ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር፤ አልዘጋችብኝም። ገለል ብላ አሳለፈችኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው የእትዬ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ወለሉን ሞልቶታል። አንድ ወንበር ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንሥታ ቦታ ሰጠችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ግን አልጻፈችልኝም።

በየቀኑ ሄድኩ። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቀዝቃዛ ትከሻ ይሉታል፤ እኛ ፊት ነሣችኝ እንላለን። ደብተሯ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የእሷ ግን ከሁለቱም አንዱ አልነበረም። ፊት አልነሣችኝም፤ ስናገር ታየኛለች፣ ትሰማኛለች፣ የሚያስቅ ነገር ስናገር ትከሻዋ ይነቃነቃል። ወተት ላመጣችው ሴትዮ ትጽፋለች። የጎረቤት ልጅ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ሰሌዳው እስኪጠብብ ትጽፋለች። ለሒሳብ መምህሩ እንኳን፣ አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ፣ “ወፈርክ” ብላ ጻፈችለት። ለእኔ አንዲት ፊደል የለም።

ደብተሯን በንጹሕ ወረቀት ልገለብጥላት ጠየቅሁ። ከመሳቢያ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከራስ ፀጉር ጀመርኩ። ስሕተት ስጽፍ በቀይ ታሰምርበታለች፤ ትክክለኛውን ራሴ ፈልጌ አገኛለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየሁትን ነገር ያን ጊዜ አየሁ። በእኛ ወገን ባለው ዓምድ ብዙ ቦታ ላይ “ባዮሎጂ እንዳለው” የሚል ተጽፏል። ሻይ ላይ የቀለድኩትን ሁሉ፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ፣ ከነቀኑ አስቀምጣዋለች። ያንንም ገለበጥኩ።

እትዬ አንድ ቀን ሊሸኙኝ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉ።

“ምን አድርገሃት ነው?” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ጣታቸው ላይ ያለውን የስፌት ቆብ አሽከረከሩ።

“እኔስ?” አሉ። “አብሬያት አይደለም የማድረው? ያንን ድምፅ ጠዋት ማታ ስሰማው አልነበረም? አስተማሪ ናት፣ ይለፍላታል እያልኩ ጨርቄን እሰፋ ነበር። ላንተ ዝም ትልሃለች፣ ለእኔ ደግሞ ‘ደህና ነኝ እትዬ’ እያለች ትጽፍልኛለች። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ልጄ።”

እሳቸው ገቡ። እኔ አውቶቡስ ሳልይዝ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

ትምህርት ተከፍቶ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። እሷ ቤተ መጻሕፍት ተመድባ ጥቂት ሳምንት ሠርታ ድካሙ ሲበረታባት ቀርታለች። እኔ ደብተሩን ስገለብጥ ደረት ላይ ደርሻለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ልትቀዳልኝ ስታጎነብስ አንገትጌዋ ወደ ጎን ሸሸት አለ፤ በስተቀኝ በኩል፣ ከአጥንቱ በላይ፣ ሌላ እብጠት አየሁ። ትንሽ ነው። ትንፋሿም ያጥር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ መኪናቸውን እየረገጡ ነው፤ ጎረቤቲቱ ተቀምጣ ታወራለች። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው።

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኩና አስቀመጥኩት።

“በቀኝ በኩል ሌላ አለ” አልኳት። “አየሁት። ትንፋሽሽም ልክ አይደለም። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ትምህርት አልገባም፣ እኔ እወስድሻለሁ።”

የስፌት መኪናው ቆመ። ጎረቤቲቱ “በስመ አብ፣ ምን ዓይነት ሟርት ነው!” አለች። እኔ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም። ፊቴ ቢነድም አላነሣሁም።

ሰሌዳዋን አነሣች። ማርከሯን ከፈተች። ደረጃው ላይ ከጻፈችልኝ ወዲህ አራት ወር ከግማሽ ሆኖ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ሌላ ሰው እንዳያይ አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው።

“አውቃለሁ። ሳንባዬ ውስጥም አለ፣ ነግረውኛል። ይቅር አላልኩህም። ነገም ና።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም ነቀነቀች፣ ሰሌዳውን ጠረገች፣ ሻዬን እንድጠጣ በአገጯ አመለከተችኝ። ጠጣሁት።

በማግስቱ ሄድኩ። ሆስፒታል አልሄድንም፤ ማታውን ለእትዬም ጽፋላቸው ኖሮ፣ የሚደረግ ነገር እንደሌለ እሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ከክፍል እንደወጣሁ፣ በዕረፍት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሄድኩ። ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት ወንበሬን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባሁት። ሌላ ነገር አልጻፈችልኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ደብተሩን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ስሳሳት ጣቷን ታነሣለች፤ እኔም ቆም ብዬ አስተካክዬ እቀጥላለሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ወደ ሰፈሩ ስታጠፍ እትዬን ደጃፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። እሳቸውም ከሩቅ አዩኝ፤ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ራሳቸው ላይ ጫኑ። ቦርሳዬን መንገዱ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ምን ላይ ልደርስ እንደምሮጥ አላውቅም፣ ብቻ ሮጥኩ።